ዝግተኛው ፍላጻ፦ ከዲላ ወደ ቡሌ

የእረፍት ሳምንቴን የት እንዳሳለፍኩ በስልክ ስነግራት እናቴ «ቀስት? ዛሬም ቀስት አለ?» ብላ ሳቀች። አባቴ ከጎኗ ሆኖ «ምን ሊያድን ነው?» ሲል ይሰማኛል። በስልክ ላስረዳቸው ሞክሬ አልተሳካልኝም። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላሉት ቤተሰቦቼና ይህን አገር ለማያውቅ ሁሉ ከመነሻው ጀምሬ በተራ ልጻፈው። ቀስት የምለው ጎባጣውን እንጨት ከነክሩ ነው፤ ፍላጻ የምለው ደግሞ ከእሱ ተስፈንጥሮ የሚሄደውን ነው።

ማክሰኞ

የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ባለቀ ማግስት ከበረከት ጋር ዲላ መናኸሪያ ቆምን። በረከት የዶርም ጓደኛዬ ነው፤ ተደራራቢው አልጋ ላይ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች እንተኛለን። አባቱ ካረፉ ወዲህ እናቱ ከቡሌ ከተማ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ብቻቸውን ይኖራሉ። በዚህ ዓመት አንድ ያረጀ የዱር አሳማ የእንሰት ማሳቸውን መቆፈር ጀመረ። እንሰት እንደኛ አገር ገብስ በአንድ ክረምት አይደርስም፤ ዓመታት ይፈጃል። አሳማው ደግሞ ሥሩን ለመብላት አንዱን ተክል በአንድ ጠዋት ይገለብጠዋል።

በፈተናው ሳምንት በረከት ቁርጡን ነግሮኝ ነበር።

«አሳማው ካልሞተ አልመለስም። የዊዝድሮው ቅጽ ሞልቼ፣ ትምህርቱን አቋርጬ እናቴ ጋ እቀመጣለሁ።»

«በምን ልትገድለው ነው?»

«በአባቴ ቀስት። እሱንም አጎቴ ከፈቀደልኝ ነው። አጎቴ ደግሞ እንዲሁ አይፈቅድም።»

ስለዚህ የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም፤ ጓደኛዬን ይዤ ለመመለስ ነው። ፊዚክስ ስለምወድ ስለ ቀስት ፍጥነት ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ፣ የስልኬን ባትሪ ሞልቼ፣ ተዘጋጅቼ ወጣሁ።

ሚኒባሷ ዲላን ለቃ መውጣት ስትጀምር ሙቀቱ ወደ ኋላ ቀረ። መጀመሪያ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር፣ ቀጥሎ እንሰት፣ ከዚያ ቀርከሃ አየን። የኛ አገር መንገድ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል፤ አድማሱ ከመስኮት ይታያል። እዚህ ግን ከመስኮቱ የሚታየው ወይ ገደል ነው ወይ የሰው ጓሮ። አንድ ጭቃ ላይ ስንደርስ መኪናዋ ተቀረቀረች። ሁላችንም ወረድን። ማገዝ ስለፈለግኩ ቀድሜ ሮጥኩና ልክ ከኋላ ጎማው ጀርባ ቆሜ ገፋሁ። ጎማው ሲሽከረከር ከጉልበቴ እስከ ግንባሬ ጭቃ ለበስኩ።

«አይ ልጄ!» አሉ አንዲት እናት ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ። «ጎማ ኋላ እኮ ማንም አይቆምም።»

እየሳቁም ቢሆን የእንሰት ቅጠል ቀደው ፊቴን ጠረጉልኝ። ረዳቱ የተሳፈርኩበትን ሂሳብ ሲቀበለኝ «ጭቃው በነፃ ነው» አለኝ።

ከቡሌ ከተማ በእግር ሄድን። ዶርም ውስጥ «ብርድ አለ፣ ጃኬት ያዝ» ሲሉኝ «እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ» ብዬ ተኩራርቼ ነበር። የኛ ብርድ ግን ደረቅ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይለቅቃል። የቡሌው እርጥብ ነው፤ ልብስ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የበረከት እናት፣ እትዬ ታደለች፣ በራፉ ላይ እንዳዩኝ ሰላምታውን ሳይጨርሱ ወደ ውስጥ ገብተው ወፍራም ቡልኮ ይዘው ወጡ።

«ይሄ ልጅ ተንቀጠቀጠ። በረከት፣ ጓደኛህን ልብስ አላስያዝክም?»

«ብርድ አይነካኝም ብሎ ነው እማዬ።»

«እንግዲያው ጥርሱ ለምን ያወራል?»

ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረቡልን። ከምግብ በፊት እትዬ ታደለች ረጅም ጸሎት ጸለዩ። በጌዴኦኛ ስለነበር የገባኝ የበረከት ስምና «አሜን» ብቻ ነው።

ረቡዕ

ጠዋት ሳህን ሲቀርብልኝ ጎመኑ በቅቤ አብረቀረቀ። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ እኔ እጾማለሁ። ሰው ማስቀየም ስለማልወድ ምን እንደምል ጨንቆኝ ቆጮውን ብቻ እቆርስ ጀመር። እትዬ ታደለች ጥቂት አዩኝና ሳህኑን አነሱት።

«ኦርቶዶክስ ነህ አይደል? ዛሬ ረቡዕ ነው። ዲላ ቡና ለቀማ ሳለሁ ጎረቤቴ እንዳንተ ነበረች።»

ሌላ ጎመን በዘይት ሠርተው እስኪያመጡልኝ በረከት እየሳቀ ጠበቀኝ። እናቴ፣ ይህን አንብበሽ እንደምትመርቂያቸው አውቃለሁ።

ከዚያ ወደ ማሳው ወረድን። እንሰት እንደ ሙዝ ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ግንዱ ግን ወፍራም፣ ውሃ የጠጣ፣ በቃጫ የተሞላ ነው። ከጥቅጥቁ መሀል ሁለት ሦስቱ ሥራቸው ወደ ላይ ተገልብጠው ተጋድመዋል። እትዬ ታደለች አንዱን በእግራቸው ነካ አደረጉት። «ይሄን የተከለው አባቱ ነው» አሉ።

የበረከት አባት ታላቅ ወንድም ጋሽ ጅግሶ ማሳው ከሚጠበቅባት ጎጆ አጠገብ ቀስቱን ይዘው ጠበቁን። በዚህ አገር ከቀስት ይልቅ ጦር ይዘወተራል። የቀስቱን ሥራ የእነሱ አባት ከቆላ ተምረው ነው ያመጡት፤ ስለዚህ የሚያውቀው ይህ ቤተሰብ ነው። ጋሽ ጅግሶ ራሳቸው ትከሻቸው ስለታመመ ቀስት መሳብ ካቆሙ ቆይተዋል።

«ጎበዝ፣ ያቺን ዛፍ ታያታለህ?» አሉኝ ከማሳው ጥግ፣ አጥሩ ሥር ወደቆመ ኮርች እያመለከቱ። ኮርች ቅርንጫፉን ቆርጠው ቢተክሉት የሚበቅል ዛፍ ነው። «የወንድሜ ናት። የበረከት አባት የተከላት።»

ደንባቸውን ያስረዱኝ ያኔ ነው። አዳኙ ጎጆዋ አጠገብ ይቀመጣል። የተቆረጠ የእንሰት ግንድ ፊት ለፊቱ ይቆማል። ፍላጻው ከጫፉ አንድ ስንዝር ላይ ቀይ ክር ይታሰርበታል፤ ይህን «ቀለበት» ይሉታል። ፍላጻው ግንዱ ውስጥ ገብቶ ቀለበቱ መደበቅ አለበት። አንዴ ሳይሆን በተከታታይ። ግንዱን እያራቁ፣ ቀለበቱ ሁልጊዜ የሚደበቅበትን የመጨረሻውን ቦታ ሲያገኙ አዳኙ እዚያ ላይ እርጥብ የኮርች እንጨት ይተክላል። ከዚያ ርቀት በላይ፣ በየትም አቅጣጫ ቢሆን፣ እንስሳ ላይ አይለቅም።

«ቢለቅስ?» አልኳቸው።

«አንድ ሰው ለቀቀ። አሳማው ቆሰለ እንጂ አልሞተም። በማግስቱ ውሃ ልትቀዳ የወረደችን ሴት መንገድ ላይ ጠበቀ። እግሯን ቀደደው።» ቀስቱን ለበረከት ሰጡት። «ቀለበትህን ደብቅ፤ ቀስቱ ያንተ ነው። ካልቻልክ እኔው ቤት ይሰቀላል።»

በረከት አጭር ነው፤ ክንዱም አጭር ነው። አባቱ ደግሞ ረጅም ሰው ነበሩ። ግንዱን የአባቱ ኮርች ሥር አቆምንና የአባቱን ፍላጻ ሳበ። ጫፉ ከቀስቱ ፊት ብዙ ተርፎ ቀረ። ሲለቀው ክሩ የክንዱን ውስጥ ገረፈው፤ ፍላጻው እየተወላገደ ሄዶ ሣር ውስጥ ገባ። ደጋግሞ ሞከረ። እኔም ልሞክር ብዬ ክንዴ አበጠ። ማታ እትዬ ታደለች የሁለታችንንም ክንድ በቅቤ አሹልን። «ይሄኛውን ቅቤ ትችላለህ፤ አይበላም» አሉኝ።

ሐሙስ

ሌሊቱን በደንብ ሳልተኛ ነጋ። አንድ መላ መገኘት ነበረበት።

ስልኬን ቀርከሃ ላይ አስሬ በረከት ሲለቅ በስሎው ሞሽን ቀረጽኩት። ቪዲዮው ላይ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ክሩ ከቀስቱ ሆድ ጋር በጣም ስለተቀራረበ ፍላጻው ገና ሳይላቀቅ ክሩ ክንዱን ይመታል፤ የፍላጻው ጭራም ወደ ጎን ይወራጫል። ጋሽ ጅግሶ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። እንደገና አዩት። ከዚያ አጥሩን ተሻግረው ጎረቤታቸውን ጠሩ።

«ና ተመልከት! ፍላጻ እንደ እባብ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ? እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ስለቅ አላየሁም!»

መፍትሔውን እሳቸው ያውቁታል። ክሩ ከቃጫ የተፈተለና ሰም የተቀባ ነው። ከአንዱ ጫፍ ፈትተው አክርረው መለሱት፤ ሲከር ያጥራል፤ ሲያጥር ከእንጨቱ ይርቃል። በቀስቱ ሆድና በክሩ መሀል ጡጫቸውን ከተቱና አውራ ጣታቸውን ቀጥ አደረጉ። ጣቱ ክሩን ሲነካ በቃ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የበረከት ክንድ አልተገረፈም።

ቀጥሎ የኔ ሐሳብ መጣ። ቀለል ያለና አጠር ያለ ፍላጻ ከሠራን ይፈጥናል፤ ከፈጠነ ከአባቱ ኮርች ይደርሳል ብዬ ነበር። ከቀጭን ሸምበቆ ሠራን። እውነትም ፈጠነ! ቪዲዮው ላይ እንኳ ሊያዝ አልቻለም። የአባቱ ኮርች ሥር ያለውን ግንድ መሀሉን መታው። በረከት ጮኸ፣ እኔም ዘለልኩ፤ ተቃቅፈን ሮጥን። ስንደርስ ቀይዋ ቀለበት ግንዱ ላይ ከውጭ ቁጭ ብላ ታየናለች። እርጥቡ ቃጫ ፍላጻውን ገና ከበሩ ይዞታል።

«ቸኩሎ መጥቶ በር ላይ ቀረ» አሉ ጋሽ ጅግሶ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ቀስቱ የሚሰጠው ጉልበት የተወሰነ ነው። ቀላሉ ፍላጻ ከዚያ ጉልበት ጥቂቱን ብቻ ይዞ ይሮጣል፤ የቀረው እንጨቱንና ክሩን ሲያንቀጠቅጥ ይቀራል። ለዚህም ነው ቀስቱ በቀላሉ ፍላጻ ሲለቀቅ ጧ ብሎ የሚጮኸው። ከባዱ ግን ብዙውን ይዞ ይሄዳል። ይህን ስናገር ጋሽ ጅግሶ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሳቸውም ከባዱን ነው የሚወዱት። ነገር ግን የሚወዱት የወንድማቸውን ረጅሙን ፍላጻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለበረከት ክንድ አይሆንም።

«ይቆረጥ» አልኳቸው ፈራ ተባ እያልኩ።

«የወንድሜን ፍላጻ አልቆርጥም።»

እትዬ ታደለች ከእንሰቱ መሀል ሆነው ያደምጡ ነበር።

«የጫፉን ብረት አውጣና ሌላ እንጨት ላይ አድርግለት» አሉ። «ወንድምህ ብረቱን እንጂ እንጨቱን አልወደደም። በየዓመቱ ይሰብር ነበር።»

ጋሽ ጅግሶ ቆይተው ሳቁ። ቢላ አመጡ። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ተቀምጠው ለበረከት ክንድ የሚሆኑ ፍላጻዎች ሠሩ፤ ከኋላ ቀርከሃ፣ ከፊት ከባድ የወይራ እንጨት፣ ጫፉ ላይ የአባቱ ብረት። የአውራ ዶሮ ላባ በክር አሰሩበት። እኔ ላባ ያዥ ነበርኩ፤ አንዱን ገልብጬ ሰጥቻቸው «ይሄኛው ወደ ዲላ ይመለስ ነበር» ብለው ቀለዱብኝ።

አዲሱ ፍላጻ ሲለቀቅ ቀስቱ እንደ ትንፋሽ ያለ ድምፅ ብቻ አሰማ። ፍላጻው ይታያል፤ በዓይን ልትከተለው ትችላለህ። ነገር ግን የአባቱ ኮርች ጋ ሳይደርስ ወርዶ መሬት ገባ። በረከት ወደ ላይ አነጣጥሮ ደገመ፤ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ሄደበት።

«ግንዱን አቅርበው» አሉት አጎቱ።

«ከአባቴ ቦታ ነው የምመታው።»

«አቅርበው አልኩህ።»

«ሰው ምን ይላል? የአባቱን ግማሽ እንኳ አልሞላም ይላል።»

እኔም ጆሮው ሥር «ክሩን ትንሽ እናክርር፣ ሌላ ፍላጻ እንሞክር» እለው ነበር። ልረዳው ብዬ ነው። በረከት ግን የተገለበጡትን እንሰቶች አየ፤ እናቱን አየ። ከዚያ ማንም ሳይናገረው ሄዶ ግንዱን ታቅፎ አንሥቶ፣ እየተንገዳገደ ወደ እኛ ተሸከመው። አቁሞ ለቀቀ። ቀለበቱ ትንሽ ታየ። ደግሞ አቀረበው። አሁን ቀለበቱ ጠፋ። ደገመ፤ ጠፋ። ሠለሰ፤ ጠፋ። የአባቱ ኮርችና የጎጆዋ እኩሌታ ላይ ነበር።

ጋሽ ጅግሶ እርጥብ የኮርች እንጨት ሰጡት። በረከት ተከለው፤ እሳቸው ዙሪያውን በተረከዛቸው ረገጡት።

«ከዚህ ወዲያ ያለው ያንተ አይደለም» አሉት። «ከዚህ ወዲህ ያለው ያንተ ነው። ቀስቱን ያዝ።»

ዓርብ

ጎህ ሳይቀድ ጎጆዋ አጠገብ ተቀመጥን፤ በረከት ከፊት፣ እኔ ከኋላው ቡልኮ ለብሼ። ጤዛው ከቅጠል ቅጠል ሲንጠባጠብ ዝናብ ይመስላል። ጭጋጉ ሲሳሳ አሳማው መጣ። በአጥሩ ቀዳዳ፣ ከአባቱ ኮርች አጠገብ ገባ። የገመትኩት እንደ በግ ያለ ነገር ነበር፤ የመጣው ግን ጀርባው ላይ ጠጉሩ የቆመ፣ ትከሻው እንደ ወይፈን የወፈረ ነው። አፍንጫውን እንሰቱ ሥር ከተተ።

በረከት ፍላጻውን ክሩ ላይ አድርጓል። አልሳበም።

«ልቀቀው!» አልኩት በሹክሹክታ።

አሳማው ቆፈረ፤ ሥሩ ሲቀደድ ይሰማናል። ትልቁ እንሰት ዘንበል አለ፣ ከዚያ ሌሎቹን እየደፈጠጠ ወደቀ። አሳማው ጠግቦ፣ እንደመጣው ወጣ።

እትዬ ታደለች እየሮጡ መጡ።

«ምነው? ምነው አልለቀቅክም?»

«ከኮርቼ ወዲያ ነበር እማዬ።»

«አሳማው ኮርችህን ያውቃል?» አሉ። የወደቀውን አይተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ይህ በሚቀጥለው ወር ለቆጮ ሊፋቅ የደረሰ ነበር። በረከት አንገቱን ደፋ። «በቃ አልመለስም» አለኝ ቀስ ብሎ። «አንተ ሰኞ ብቻህን ትሄዳለህ።»

ዶርም ስመለስ የላይኛው አልጋ ፍራሹ ተጠቅልሎ በሐሳቤ ታየኝ።

እትዬ ታደለች ግን ቆመው አጥሩን ያዩ ነበር። አጥሩ ከአባቱ ኮርች ተነሥቶ እየዞረ በጎጆዋ ግራ በኩል ቀረብ ብሎ ያልፋል። እያዩ ቆዩና በድንገት «መጥረቢያ አምጡ» አሉ።

«ለምን?»

«አንተ ወደ አሳማው መሄድ ካልተፈቀደልህ አሳማው ወዳንተ ይምጣ።»

ቀኑን ሙሉ ሠራን። የድሮውን ቀዳዳ በእሾህና በቀርከሃ ደፈንነው። በግራ በኩል፣ ጎጆዋ አጠገብ፣ አዲስ ከፈትን። እትዬ ታደለች አሳማው የጣለውን እንሰት ሥር ከትፈው ከአዲሱ በር ወዲህ በተኑት። ጋሽ ጅግሶ ገመድ ይዘው ከጎጆዋ እስከ በረከት ኮርች ለኩ፤ ያንኑ ገመድ ወደ ግራ አዞሩት። ከገመዱ ጫፍ ያለፈውን ቁራጭ ሁሉ እየለቀሙ ወደ ውስጥ መለሱት።

«እትዬ ታደለች፣ የአሳማ ፊዚክስ የሚያስተምር ቢኖር እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«ፊዚክስ አላውቅም» አሉ። «ሆዳም አውቃለሁ።»

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ማንም ሳያስታውሳቸው ለእኔ በዘይት ሠርተው ነበር።

ቅዳሜ

ጭጋጉ ከትናንቱ ይብስ ነበር። አሳማው ከአጥሩ ውጭ ሲመላለስ ሰማነው፤ ወደ ድሮው ቀዳዳ ሄደ፣ እሾሁ ላይ አንኮራፋ፣ ተመለሰ። አሁን ይሄዳል ብዬ አሰብኩ። ቆየና ጭንቅላቱ በአዲሱ በር ታየ። ቆመ። አሸተተ። አንድ ቁራጭ በላ። ሌላው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር፤ ተከተለው። ጎኑን ሰጠን።

በረከት ሳበ፤ አጭር ክንዱ የሚችለውን ያህል፣ እስከ አገጩ። ቀስቱ እፍ አለ። ፍላጻውን በዓይኔ ተከተልኩት፤ ላባው በጭጋጉ ውስጥ ሲሽከረከር አየሁት። የትከሻው ኋላ ገባ፤ ቀለበቱን አላየሁም። አሳማው ጮኾ ዞረና በበሩ ወጣ። ልነሳ ስል ጋሽ ጅግሶ ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ፤ ከመቼ ጀምሮ ከኋላችን እንደነበሩ አላወቅኩም።

«ቁጭ በል። እሱ ሥራውን ይጨርስ።»

ፀሐይ ጭጋጉን ስትበትን ሄድን። ከአጥሩ ጥቂት እልፍ ብሎ ወድቋል። ሥጋውን ማንም አይበላም፤ በዚህ እኛና እነሱ አንድ ነን። ጎረቤት ተሰብስቦ ጉድጓድ ቆፈረ። አንዱ ጎረምሳ ግን በበረከት ላይ ማሾፉን አልተወም። «ከዚህ ቅርብ እኮ እኔም በድንጋይ እገድለው ነበር!»

«ታዲያ የት ነበርክ?» አሉት እትዬ ታደለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ ደግሞ ምን ቆመሃል? ሂድ፣ ልብስህን እጠብ። ሰኞ መኪና አለ።»

በረከት የሰማውን ያላመነ መስሎ አያቸው።

«ሌላ አሳማ ቢመጣስ?»

«ይሄ ብቸኛ ነበር። ሌላ ቢመጣ እደውልልሃለሁ፤ ቅዳሜ ትመጣለህ። በሩ የት እንዳለ አሁን አውቄያለሁ።»

ያን ጠዋት ፍጥነቱን አልቀረጽኩትም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ሰኞ

እሑድን ከእነሱ ጋር ቤተ ክርስቲያናቸው ዋልኩ፤ መዝሙሩ ደስ ይላል፤ እንደኛ ግን ብዙ አያስቆምም። ሰኞ ጠዋት እትዬ ታደለች ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ሰጡን። ቡልኮውን ልመልስ ስል «ልብስ ስትይዝ ትመልሳለህ» አሉኝ። ጋሽ ጅግሶ ቀስቱን ጎጆዋ ውስጥ፣ የበረከት አባት ይሰቅሉበት በነበረው ቦታ ሰቀሉት። ከመስቀላቸው በፊት ክሩን ፈቱት፤ ቀስት ሳይሠራ ተወጥሮ አያድርም አሉን።

ሚኒባሷ ያው ጭቃ ላይ ቆመች። ወርጄ በጎን በኩል ገፋሁ። ረዳቱ አየኝና «አገር ለምደሃል» አለ። ወደ ዲላ ስንወርድ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ተመለሰ። በረከት መስኮቱን ከፍቶ አንቀላፋ።

ክፍል ከተጀመረ ሳምንታት አልፈው ነበር፤ አንድ ማታ የበረከት ስልክ ጮኸ። እናቱ ነበሩ። ደንግጬ ከአልጋዬ ተነሣሁ፤ አሳማ መጣ ሊሉ ነው ብዬ። በረከት በጌዴኦኛ አጭር አጭር እየመለሰ አዳመጠ፤ ስልኩን ዘጋ።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«የተከልኩት ኮርች ቅጠል አወጣ» አለኝ።

ከዚያ ወደ አልጋው ወጥቶ መጽሐፉን ገለጠ።